ከአሞራ ገደል እስከ ጥቁር ውሃ፦ ለጀማሪዋ የወፍ አስጎብኚ

ልጄ፣ የአስጎብኚነት ሥልጠናሽን ጨርሰሽ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍ ልታሳዪ እንደተነሣሽ እናትሽ ነገረችኝ። እሷ «ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሥራ» ብላ ተጨንቃለች፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል፣ ደስታዬንም አልደብቅሽም። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ ነውና። አሁን ጉልበቴ ረጅም መንገድ አያስኬደኝም። ዓይኔና ጆሮዬ ግን ደህና ናቸው፤ የማውቀውን ሳልነግርሽ መቅረት አልፈልግም።

በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ስማቸውን ከነሥዕላቸው የሚዘረዝር መጽሐፍ አለ፤ ድምፅ ሰምቶ ስም የሚጠራ የስልክ መተግበሪያም መጥቷል። እንግዳ ስም ብቻ ቢፈልግ ኖሮ አንቺን ይዞ አይወጣም ነበር። ያ ወፍ ለምን እዚህ ቦታ እንዳለ፣ ምን በልቶ እንደሚያድር፣ የት እንደሚፈለፍል፣ ምን ቢጎድልበት ጥሎ እንደሚሄድ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የተቀዳ ነው።

1. ከወፉ በፊት ውሃውን እወቂ።

የሐዋሳ ሐይቅ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን መካከል አነስተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው ገባሪው ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህን ሳትናገሪ ጉዞ አትጀምሪ፤ እንግዶችሽ ሌላው ሁሉ የሚገባቸው ከዚህ ተነሥተው ነው። መውጫ የሌለው ውሃ የተቀበለውን አይመልስም። ከእርሻ የታጠበው አፈር፣ ከከተማው የወረደው ቆሻሻ፣ ከፋብሪካ የፈሰሰው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዓሣው የሚኖረው በዚያ ውስጥ ነው፤ ወፉ የሚበላው ያንን ዓሣ ነው፤ እኛም የምንበላው ያንኑ ዓሣ ነው።

ጥቁር ውሃ የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ጨለለቃ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር። ከበላዩ ያለው ደን ሲመነጠር ደለል ወረደበት፣ ውሃው ሸሸ፣ ዛሬ ፊላና ቄጤማ የሚበቅልበት፣ ከብት የሚሰማራበት መሬት ሆኗል። «ሞቷል» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የክረምቱ ጎርፍ ፊላው መሃል ሲገባ ኃይሉ ይበርዳል፣ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል፣ ከዚያ ነው ወደ ሐይቁ የሚያልፈው። ጨለለቃ የሐዋሳ ወንፊት ነው። ዳር ዳሩ በታረሰ ቁጥር ወንፊቱ ይቀደዳል። እንግዳሽ ረግረግ አይቶ «ባዶ መሬት» የሚል ከሆነ፣ ሌላ ወፍ ሳታሳዪው በፊት ይህን አስረጂው።

2. ጠዋት ውጪ፤ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ጫካው።

ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። ስለዚህ ጠዋት ሐይቁን ስትመለከቺ ፀሐይ ከጀርባሽ ናት፤ የወፉ ቀለም አንድ በአንድ ይለያል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ፀሐይዋም በሐይቁ በኩል ስለምትዞር ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንብሻል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዳርቻው ላይ ቁሚ። 3 ሰዓት አልፎ ፀሐይ ስትከር ወደ ዛፎቹ ግቢ። «ቁርሴን ሳልበላ አልንቀሳቀስም» የሚል እንግዳ አይጠፋም፤ ማታውኑ ነግረሽ ዳቦና ሻይ አስይዢው።

3. አባ ኮዳን አትለፊው።

ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የገባ እንግዳ ገና ከመኪና ሲወርድ የሚያየው አባ ኮዳን ነው። ጀማሪ አስጎብኚ ደግሞ «ይኼማ የትም አለ» ብሎ ወደ ብርቁ ወፍ ያጣድፈዋል። አንቺ እዚያው አቁሚያቸው። ከዚህ የሚበልጥ መማሪያ አታገኚም፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ወፍ ያለ ባይኖኩላር፣ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ የሚታይበት ቦታ ስንት ነው?

አስጋሪው የቆሮሶ ዓሣውን ቆዳ ገፎ ፊሌቶውን ያወጣል፤ ጭንቅላቱንና ሆድ ዕቃውን ወደ ጎን ይጥላል። አባ ኮዳው ቢላዋውን እንጂ ሰውየውን አያይም። የተጣለው መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል፣ አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል፣ አንድ ጊዜ ሲውጥ ጉሮሮው ውስጥ የሚወርደው ይታያል። ያኔ ጠይቂያቸው፦ ራሱና አንገቱ ለምን መላጣ ሆነ? ጥንብ ውስጥ ጭንቅላቱን የሚከት ወፍ ላባ ቢኖረው ደምና ስብ ይጋገርበት ነበር። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ከረጢት ብዙ ሰው የምግብ ማጠራቀሚያ ያደርገዋል፤ ውስጡ አየር እንጂ ምግብ የለም። እግሩስ ለምን ነጭ ኖራ የተቀባ መሰለ? በራሱ ኩስ ነው። ሲሞቀው ኩሱን እግሩ ላይ ይለቀዋል፤ እርጥበቱ ሲተን እግሩ ውስጥ የሚያልፈውን ደም ያቀዘቅዝለታል።

መልኩን አይተው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ እንግዶች አሉ። ያ ሁሉ የዓሣ ትራፊ በየቀኑ ሐይቁ ዳር ቢበሰብስ ገበያው ምን እንደሚሸት፣ ዝንቡ ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት በዪያቸው። አንድ የማይታለፍ ነገር ግን አለ፦ አባ ኮዳ ዓሣ የነካ ፌስታልና የመረብ ክርም ይውጣል። ስለዚህ ከእንግዶችሽ እጅ ፌስታል ከወደቀ ሳትናገሪ ራስሽ አንሺው፤ ሁለተኛ አይጥሉም። ለፎቶ ብለው ዓሣ እንዲወረውሩለትም አትፍቀጂ። ከሰው እጅ የለመደ ወፍ ሕፃን ልጅ እጅ ላይ ያለውንም ይነጥቃል።

4. ፊላው ዳር ስትደርሺ ድምፅሽን ቀንሺ፣ እጅሽን ሰብስቢ።

«ያውና! ያውና!» እያልሽ በጣት መጠቆም ወፉን ያስበረግጋል፣ እንግዳውንም አያሳየውም። የጣትሽን አቅጣጫ ከአንቺ በቀር የሚያየው የለም። ሁሉም ከሚያየው ነገር ጀምሪ፦ «የታሰረችውን ቀይ ጀልባ አያችሁ? ከአፍንጫዋ በስተግራ የተሰበረ ፊላ አለ፤ ከሥሩ፣ ውሃው ላይ።» ይህን ቤትሽ መስኮት ላይ ቆመሽ ተለማመጂው። ጥሩ አስጎብኚና መካከለኛ አስጎብኚ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው ብል አላጋንንም።

ፊላው ዳር በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የሚራመደውን ጃካናን ፈልጊ። አካሉ ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ልጥፍ ያለበት ነው። የእግሩ ጣቶች ከአካሉ ጋር ሲተያዩ ከልክ በላይ ረጅም ናቸው፤ ክብደቱ በሰፊው ስለሚከፋፈል ቅጠሉ ሳይሰምጥ ይራመዳል። እንግዶችሽን ዝም ብለው እንዲያዩት አምስት ደቂቃ ስጪያቸው። እንስቷ ከወንዱ ትተልቃለች፣ ከአንድ በላይ ወንድ ይኖራታል። እንቁላል ጥላ ትሄዳለች፤ የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው። አደጋ ሲመጣ ይንበረከካል፣ ጫጩቶቹ ክንፉ ሥር ይገባሉ፣ ብድግ ብሎ ይሄዳል። ያኔ የምታዪው አንድ ወፍ ነው፤ ከጎኑ ግን የማይመጣጠኑ ቀጫጭን እግሮች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ይህን ካዩ እንግዶች መካከል «ረግረግ ይደርቅ፣ ይታረስ» የሚል እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ዓሣ አጥማጅ ወፎችንም እዚሁ ታገኛለሽ። ጥቁርና ነጩ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ይቆማል፤ አካሉ ሲወዛወዝ ጭንቅላቱ ንቅንቅ አይልም፣ ከዚያ ቁልቁል ይወረወራል። ወንድና ሴቱን መለየት ቀላል ስለሆነ ለጀማሪ እንግዳ ጥሩ ትምህርት ነው፦ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ያለው ወንድ፣ አንድ ያላት ሴት ናት። ቄጤማው ጫፍ ላይ የምትቀመጠዋ ትንሿ ደግሞ ሰማያዊና ብርቱካናማ ናት፤ ስትበር የምታዪው ሰማያዊ ብልጭታ ብቻ ነው። ዛፎቹ መካከል ያለውን ሦስተኛውን ስታሳዪ ግን ተጠንቀቂ፤ ቤተሰባቸው አንድ ይሁን እንጂ እሱ የሚያድነው አንበጣና ሌላ ነፍሳት ነው፣ ውሃ ባይኖርም ይኖራል። «ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ዓሣ የማይበላ?» ብለው ይገረማሉ፤ መገረማቸው ጥሩ ነው፤ የወፍ ምግብ ከስሙ ሳይሆን ከመንቁሩና ከሚቀመጥበት ቦታ እንደሚታወቅ የምትነግሪበት አጋጣሚ ነው።

ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀውን ጥቁሩን ኮርሞራንትም አሳዪ። ላባው ውሃ ይጠጣል፤ ለመጥለቅ ይረዳዋል፣ ሲወጣ ግን መድረቅ አለበት። ካላደረቀ ለመብረር ይከብደዋል፤ ስለዚህ ለፎቶ ብሎ የሚያባርረውን ሰው አስቁሚ።

5. ስለ መነጽር።

ባይኖኩላር ስትገዢ 8 በ42 የሚባለውን ምረጪ። 8 ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ በንጋት ብርሃን የሚረዳሽ እሱ ነው። 12 ጊዜ የሚያቀርበው ይሻላል የሚሉሽን ነጋዴዎች አትስሚ፤ ከወፉ ጋር የእጅሽንም መንቀጥቀጥ ያጎላዋል። እንግዶችሽን መጀመሪያ ወፉን በባዶ ዓይን እንዲይዙት፣ ከዚያ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናቸው እንዲያመጡ አስተምሪ። ቴሌስኮፕ ካለሽ አንቺ የመጨረሻዋ ተመልካች ሁኚ።

6. ሾላው ሥር ቁሚ።

ጫካ ማለት ወፍ በየቅርንጫፉ የሚታይበት ቦታ የሚመስላቸው እንግዶች አሉ። ግማሽ ሰዓት ተራምደው ምንም ሳያዩ ይሰለቻሉ። የአሞራ ገደልንና የሐይቁን ዳርቻ ዛፎች አንድ በአንድ እወቂ፤ የትኛው ሾላ፣ የትኛው ዋርካ በየትኛው ወር እንደሚያፈራ ጽፈሽ ያዢ። ፍሬ የያዘ ሾላ ሥር ብትቆሚ መዞር አያስፈልግሽም፤ ሁሉም ወደዚያ ይመጣል። ሾላ አበባው የሚገኘው ፍሬው ውስጥ ነው። የሚያዳቅሉት ከአሸዋ ቅንጣት ብዙ የማይበልጡ ተርቦች ናቸው፤ በጠባቧ ቀዳዳ ይገቡና እዚያው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ያ ተርብ ከጠፋ ፍሬ የለም፣ ፍሬ ከሌለ ከላይ የምታዪው ግርግር ሁሉ የለም። አንድ የበሰለ ፍሬ ከመሬት አንሥተሽ ለሁለት ክፈይና አሳዪያቸው፤ ውስጡን ያላየ ሰው ነገሩን አያምንም።

ከላይ መጀመሪያ የሚሰማሽ የክንፍ ሽውታ ነው። መጽሐፉ ሆርንቢል የሚለው፣ መንቁሩ ላይ ትልቅ ደማቅ ጉብታ ያለበት ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። የዚህን ወፍ ትዳር ሳትናገሪ አትለፊ። ለመፈልፈል የምትፈልገው የትልቅ ዛፍ ጉድጓድ ነው። እንስቷ ትገባለች፤ ወንዱ ጭቃ እያመጣ፣ እሷም ከውስጥ እየለሰነች በሩን ይዘጉታል፤ የሚቀረው መንቁር የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ነው። እንቁላሉን ስትታቀፍ፣ ጫጩቱን ስታሳድግ፣ ለወራት በዚያ ስንጥቅ በኩል ሾላ የሚያጎርሳት ወንዱ ነው። ከእባብና ከጦጣ የተጠበቀ ቤት ነው። በዚያ ወቅት ወንዱ ከሞተ ግን እሷም ጫጩቱም አደጋ ላይ ናቸው። አንድ ወፍ የገደለ ሰው ስንት እንደገደለ የምታስረጂው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ትልቅ ወፍ አጠገብ፣ ቅጠል ውስጥ የሚንጫጩ አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች አሉ። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት። እነዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም በተፈጥሮ አይገኙም። ባርቤት የሚባለው፣ ጠቆር ብሎ ግንባሩ የቀላ ወፍራም መንቁር ያለው ወፍም እንዲሁ የሁለቱ አገሮች ብቻ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብዙ ብር አውጥቶ የሚመጣው ለእነዚህ ነው፤ እዚህ የተወለደ ልጅ ግን ከቤቱ ደጃፍ ያለው ወፍ ሌላ አገር እንደሌለ ነግሮት የሚያውቅ የለም። ንገሪው።

በቀቀኑ የሚያድረው፣ ባርቤቱ የሚፈለፍለው፣ ሆርንቢሉ የሚታሸገው ሁሉም በዛፍ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ያለው ዛፍ ያረጀ ዛፍ ነው፤ አንዳንዴም የደረቀ። ስለዚህ «ይህ ደርቋል፣ ምን ይሠራል? ለማገዶ ይቆረጥ» የሚል ስትሰሚ ዝም አትበዪ። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፤ የዛሬ ችግኝ ግን ጉድጓድ የሚኖረው አንቺ አያት ከሆንሽ በኋላ ነው።

ጉሬዛዎቹም እዚያው ናቸው። ከጦጣው ጋር እንዳያምታቱት አሳዪ፦ ጥቁርና ነጭ፣ ረጅም ጭራ፣ አውራ ጣት የሌለው እጅ። ቅጠል በል ስለሆነ ዳቦና ሙዝ አይስማማውም። ጦጣ ግን ሁሉንም ይበላል፣ የወፍ እንቁላልም ጭምር። እንግዶች ብስኩት ሲወረውሩለት የጦጣው ቁጥር ይበዛል፣ የሚተርፈው ጎጆ ያንሳል።

7. ወፉን በድምፅ ቅጂ አትጥሪው፣ ጎጆውን አትክፈቺው።

ስልክ ላይ የተቀዳ ድምፅ ከፍቶ ወፍ መጥራት ቀላል ነው፤ ወንዱ ክልሉ ውስጥ ተቀናቃኝ የገባ መስሎት ይመጣል። በዚያ ሰዓት ግን አልበላም፣ ጫጩቱን አልመገበም፣ ጎጆውን አልጠበቀም። አንድ ቡድን ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት፣ ሌላው በማግሥቱ ቢጠራው ያ ወፍ ቦታውን ይለቃል። ሌሎች አስጎብኚዎች ያደርጉታል፣ እንግዳም «እንትና አሳይቶኛል» ይልሻል። እምቢ በዪ። ምክንያቱን ከነገርሻቸው አብዛኞቹ ያከብሩሻል፤ የማያከብርሽ አንዱ ሌላ ቦታ ይሂድ። ጎጆ ስታገኚም ቅርንጫፍ ገለል አድርገሽ አታሳዪ። አንቺ የገለጥሽውን ቁራውም ያየዋል፣ ጦጣውም ያየዋል።

8. ወቅቱን ከሰማይ በሚመጡት እንግዶች ለዪ።

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድረስ ሐይቁ ዳር የምታዪው ሁሉ ነባር አይደለም። ብዙዎቹ የአውሮፓና የእስያን ብርድ የሸሹ ወፎች ናቸው። ከብት እግር ሥር ጅራቷን እያርገበገበች ዝንብ የምትለቅም ቢጫ ወፍ፣ ሽመላው፣ ረግረጉ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያንዣብበው ጭላት፣ ወንጭፊቷ፣ ሁሉም መንገደኞች ናቸው። ስምጥ ሸለቆና ቀይ ባሕር ክንፋቸውን ዘርግተው ለሚንሳፈፉ ትላልቅ ወፎች በዓለም ሁለተኛው ትልቁ የጉዞ መሥመር ነው፤ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ንስር፣ ጭላት፣ ሽመላና ሌላም በዚህ ያልፋል። ለምን ባሕሩን በቀጥታ አያቋርጡም ቢሉሽ፦ እነዚህ ወፎች ክንፍ እየመቱ ሳይሆን ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ላይ እየተንሳፈፉ ነው የሚጓዙት። ባሕር ላይ ያ አየር የለም። ስለዚህ መሬት መሬቱን ይዘው ይመጣሉ፣ ባሕሩ በሚጠብበት ይሻገራሉ፤ ባብ ኤል ማንደብ አንዱ ነው።

ክሬን የሚባሉትን ግራጫ ባለረጅም እግር ወፎች ታሪክ እወቂ። ከሰሜን ተነሥተው እስራኤል ሁላ ሸለቆ ላይ በብዙ ሺህ ሆነው ያርፋሉ፤ ከፊሎቹ እዚያ ይከርማሉ፣ ከፊሎቹ ወደ እኛ ይቀጥላሉ፣ ጣና ዙሪያ በብዛት ይታያሉ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው በኅዳር ሁላ ላይ የሚያዩት መንጋ ከፊሉ መንገዱ ኢትዮጵያ ነው። ሁላ ራሱ ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ ሐይቁና ረግረጉ እንዲደርቅ ተደረገ። አፈሩ እንደታሰበው አልሆነም፤ የደረቀው የበሰበሰ ዕፅዋት አፈር በእሳት ነደደ፣ በነፋስ ተነሣ፣ መሬቱ ሰመጠ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ ሞሉት፤ ክሬኖቹ የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው። የደረቀ ረግረግ ሊመለስ ይችላል፤ ግን ያለውን ከመጠበቅ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ብዙ፣ የሚመለሰውም ጥቂት ነው። ስለ ጨለለቃ ከሚወስኑ ሰዎች ጋር አንድ ቀን ብትቀመጪ ይህን ሳትናገሪ አትነሺ።

9. ጉማሬ።

ጥቁር ውሃ አፍ አካባቢ ጉማሬ አለ። ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል፤ በእሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው አይለቅም። በንጋት በዚያ በኩል ስትሄጂ አካባቢውን የሚያውቅ አስጋሪ አስቀድሚ። ጀልባ ላይ የነፍስ አድን ጃኬት ያልለበሰ እንግዳ አታስወጪ፤ የሚያኮርፍ ካለ ያኩርፍ።

10. የማታውቂውን አላውቀውም በዪ፤ ያየሽውን ጻፊ።

ቡናማ ትንሽ ወፍ ሁሉ ስም እንዲኖረው እንግዳ ይወተውታል። ገምተሽ ስም አትስጪ። መጠኑን፣ መንቁሩን፣ የእግሩን ቀለም፣ የት ላይ እንደነበረና ምን ሲሠራ እንደነበረ አብራችሁ ጻፉ፣ ማታ መጽሐፍ ግለጡ። ደብተርሽ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ብዛት ይኑር። የተለመደውን ጭምር ቁጠሪ። «ዳክዬ ብዙ» የሚል ማስታወሻ ከዓመታት በኋላ ለማንም አይረባም፤ «ከምሰሶው እስከ ዋርካው 43» የሚለው ግን ይረባል።

ለምን እንደምወተውትሽ እንዲገባሽ የአብያታን ሐይቅ አስቢ። ፔሊካኖች ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር፤ ለመብል ግን አጠገቡ ወዳለው አብያታ ይመላለሱ ነበር፣ ዓሣው ያለው እዚያ ነበርና። ወደ አብያታ የሚወርደው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ሶዳ አሽ ለማምረትም ከራሱ ከሐይቁ ሲቀዳ፣ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨውነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ መብል ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ ዞሩ። ይህ ሁሉ የታወቀው ዓመት በዓመት የሚቆጥሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለልሽ፤ አባል ሁኚ። በአፍሪካ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በየጥር ወር የውሃ ወፍ ቆጠራ ይካሄዳል፤ ሐይቅሽ ላይ የሚቆጥር ቡድን ካለ ተቀላቀዪ፣ ከሌለ ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ጀምሪ። በየዓመቱ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አቅጣጫ።

11. አስጋሪዎቹና ልጆቹ።

የሐይቁን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት መረብ ጥለው የሚያድሩት ናቸው። ዓሣ በል ንስሩ የት እንደሚያድር፣ የትኛው ዳር በዚህ ዓመት ፊላ እንዳጣ፣ ቆሮሶው ለምን እንዳነሰ ጠይቂያቸው። ሲዳምኛ ካልቻልሽ ተማሪ፤ ወፎቹን የሚጠሩበትን ስም ጽፈሽ ያዢ። እንግዳሽን ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጊ። የዓሣ ሾርባውን እነሱ ጋር እንዲጠጣ፣ ጀልባውን ከእነሱ እንዲከራይ አድርጊ። ወፉ ገቢ የሚያስገኝላቸው ከሆነ የተቀዳደደ መረብ ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም፤ የተጣለ መረብ ጠላቂ ወፎችን አንቆ እንደሚይዝ ከአንቺ በላይ ያውቃሉ።

ለተማሪዎችም ከክፍያ ነፃ የሆነ ቀን መድቢ፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ቢሆን ይበቃል። ሐይቁ ዳር ካሉት ትምህርት ቤቶች በፊት ጥቁር ውሃና ጨለለቃ በኩል ያሉትን ጋብዢ፤ ነገ የረግረጉን ዳር የሚያርሱት ወይም የሚተዉት እነሱ ናቸው። ርእሰ መምህሩን ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ አነጋግሪ፣ ከ15 በላይ ልጅ አትቀበዪ፣ አንድ መምህር አብሮ ይኑር። ጉዞውን ከአሞራ ገደል ሳይሆን ከጥቁር ውሃ ድልድይ ጀምሪ፤ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ቆመው ይዩት። የቴሌስኮፑን እግር አሳጥሪውና በአጭሩ ልጅ ቁመት አቁሚው። ትርፍ ባይኖኩላር ከፈለግሽ የእኔ አሮጌው እናትሽ ቤት አለ፤ የግራው መስታወት ትንሽ ተጭሯል እንጂ ያሳያል። መጥተሽ ውሰጂው።